የከባድ መኪና መኝታ እንዴት ምቹ ይሆናል? ከፍራሹ በፊት ከሥሩ ይጀምሩ

ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ከቤቱ አልጋ ይልቅ ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ያለችውን ጠባብ መኝታ ይበልጥ ያውቃታል። አሜሪካ ውስጥ ሕጉም ከእርሷ ጋር አቆራኝቶታል። ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ቢበዛ 11 ሰዓት ከነዳ በኋላ 10 ሰዓት ሳያርፍ እንደገና መሪ መጨበጥ አይፈቀድለትም። ዕረፍቱን 7 እና 3 ወይም 8 እና 2 አድርጎ መክፈል ይችላል፤ ረጅሙን ክፍል ግን መኝታው ውስጥ ማሳለፍ አለበት።

ሰዓቱ ከተገኘ እንቅልፉ አብሮ ይመጣል ብዬ የማምን የዋህ ነበርኩ። የመጀመሪያ መኪናዬን እንደያዝኩ ወገቤ አላስቀምጥ አላስተኛ ሲለኝ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወፍራም ፍራሽ ገዛሁ። 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ደመና ላይ የተቀመጡ የሚያስመስለው። በበረዶ ወራት ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንተርስቴት 80 የሚባለው አውራ ጎዳና በነፋስ ተዘግቶ ላራሚ አጠገብ ባደርኩበት ሌሊት ሞተሩን አጥፍቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ፍራሹ እንደ ጣውላ ጠንክሯል። ቀና ብዬ ለመቀመጥ ስሞክር ደግሞ ጭንቅላቴ ከላይኛው መኝታ ጋር ተጋጨ። ከሁለት ወር በኋላ ለማጽዳት ፍራሹን ሳነሳው ሥሩ በጥቁር ሻጋታ ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የፍራሹ ብቻ አልነበረም። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች መሄዴ ነበር ስህተቱ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄደውን መንገድ ነው።

መለካት

መኝታውን ባዶ ያድርጉት፤ ፍራሹንም ያውጡት። ርዝመቱን፣ በሁለቱም ጫፍና በመሃል ወርዱን፣ ከወለሉ እስከ ላይኛው መኝታ ወይም እስከ ጣሪያው ያለውን ከፍታ ይለኩ። የቤት ፍራሽ እዚህ ልክ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ትዊን የሚባለው የአንድ ሰው ፍራሽ 96 በ190 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ የከባድ መኪና ፍራሾች ግን ብዙውን ጊዜ 203 ሴንቲሜትር ርዝመትና 91 ወይም 106 ሴንቲሜትር ወርድ አላቸው፤ በኢንች 36 በ80 እና 42 በ80 ተብለው ይሸጣሉ። ማዕዘናቸው የተቆረጠ ወይም የተጠማዘዘ ስላለ ትልቅ ካርቶን ዘርግተው የመኝታውን ቅርጽ ገልብጠው ይቁረጡ። ይህ ካርቶን በኋላ ስፖንጅ ሲቆርጡ ብዙ ብስጭት ያድንዎታል።

ከፍታውን ችላ አይበሉ። ተቀምጠው ጫማ ማሰር ካልቻሉ መኝታው ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ሳጥን ነው። የፍራሹን ውፍረት የሚወስነው የኪስዎ አቅም ሳይሆን ይህ ልክ ነው።

ማስተካከል

የከባድ መኪና መኝታ የሚዘረጋው በመኪናው አግድም ነው። ስለዚህ መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለ ጭንቅላትዎ ከእግርዎ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ጠርዙ ወይም ወደ ግድግዳው ሲንሸራተቱ ያድራሉ። ጠዋት ትከሻዬን አመመኝ የሚል ሹፌር ብዙ ጊዜ የታመመው ከፍራሹ ሳይሆን ላለመውደቅ ሲታገል በማደሩ ነው።

ግማሽ ውሃ ያለበት ጠርሙስ መኝታው ላይ በአግድም ያስተኙ፤ ውሃው የሚያጋድልበት በኩል ዝቅተኛው ነው። ካልተስተካከለ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ቦታ ከሌለ ትራስዎን ወደ ከፍታው በኩል ያዙሩት፤ በጣም ቀላል ነገር ነው፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ሰው ነው። መኪናው ኋላውን የሚሸከሙትን የአየር ባሎኖች የሚያስተነፍስ ማብሪያ ካለው፣ ፊቱ ዝቅ ባለ ጊዜ የኋላውን አስተንፍሶ ማመጣጠን ይቻላል። ከመነሳትዎ በፊት መልሰው መንፋትዎን አይርሱ።

በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚጫን የመኝታ ክፍል ያላቸው ሰዎች ደግሞ ጎማ ሥር ጣውላ አስገብተው ማስተካከል ይችላሉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነርሱም ይሠራል፤ በተለይ አልጋው ከሹፌሩ ጣሪያ በላይ ለሆነባቸው፣ ምክንያቱም ከሥሩ ያለው ቀጭን ወለል ብርዱን በቀጥታ ያገኘዋል።

ከሥር ያለው እርጥበት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ተኝቶ የሚተነፍስና የሚያልበው ሰው ሌሊቱን የሚያወጣው እርጥበት ጥቂት አይደለም። ቤት ውስጥ ወደ ክፍሉ ይበተናል። ጋቢና ውስጥ ግን እርጥበቱ በፍራሹ በኩል ወደ ታች ይሰርግና ቀዝቃዛውን ፕላይውድ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ጠዋት የመስታወቱን ላብ በጨርቅ ያደርቃሉ፤ ከፍራሹ ሥር ያለው ላብ ግን ማንም ሳያየው ይከርማል። የእኔ ሻጋታ ከዚህ የመጣ ነበር።

መፍትሔው በፍራሹና በጣውላው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መፍጠር ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከእንጨት የተሠሩ ቀጫጭን ርብራቦችን በ5 ወይም በ6 ሴንቲሜትር ርቀት መደርደር ነው። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ ስፖንጁ በመካከላቸው ይሰምጣል። ሁለተኛውና እኔ የመረጥኩት እንደ ወፍራም ወንፊት የተጠላለፈ፣ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ለጀልባና ለተንቀሳቃሽ ቤት ዕቃ በሚሸጡ መደብሮች ይገኛል፤ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሲቆሽሽ በውሃ ይታጠባል። ጣውላውን በመሰርሰሪያ መብሳት የሚመክሩ አሉ። መኪናው የራስዎ ካልሆነ አይንኩት፤ የራስዎም ቢሆን ከሥሩ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳያዩ አይብሱ።

ፍራሹን ከኋላው ግድግዳ ጋር አያጣብቁ፤ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይተዉ። ጠዋት ሲነሱ የመኝታውን ወለል ወይም ፍራሹን በአንድ በኩል ቀና አድርገው ግማሽ ሰዓት ያናፍሱት፤ ቁርስ እስኪበሉና መኪናውን እስኪፈትሹ በቂ ነው። ከመኝታው ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ቦቲና የዝናብ ልብስ የማስቀመጥ ልማድ ካለዎት ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉት።

ስፖንጁን መምረጥ

ሕጉ ራሱ የስፖንጅ ፍራሽ ከ10 ሴንቲሜትር እንዳያንስ ይላል። እኔ ከ15 እስከ 18 ባለው እቆያለሁ። ከሥር 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ከላይ 5 ሴንቲሜትር ለስላሳ። ጠንካራው ሰውነትን ይሸከማል፤ ለስላሳው ትከሻና ዳሌን ይቀበላል።

ሻጩ የሚነግርዎት ሁለት ነገር ተመሳሳይ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንዱ በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው፤ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነግርዎታል። ሌላው ጥንካሬው ነው፤ ይህ ደግሞ ምን ያህል እንደሚሰምጥ። ክብደቱ ትንሽ የሆነ ስፖንጅ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ያሰኝና በጥቂት ወራት ውስጥ መሃሉ እንደ ገበታ ይጎደጉዳል። ለሥረኛው ንብርብር በሜትር ኩብ 40 ኪሎ አካባቢ የሆነውን ይጠይቁ።

ለላይኛው ደግሞ ሞተር አጥፍተው ቀዝቃዛ አገር የሚያድሩ ከሆነ ላቴክስ የሚባለው የጎማ ስፖንጅ ይሻላል። ሜሞሪ ፎም በሙቀት የሚለሰልስ፣ በብርድ የሚጠነክር ነገር ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚያሳየው ጠባይና ዋዮሚንግ ላይ የሚያሳየው የተለያየ ነው። ላቴክስ ብርድና ሙቀት ብዙም አይለውጠውም፤ ጉዳቱ ዋጋውና ክብደቱ ነው።

ሲሞክሩት በእጅ መጫን አይበቃም። መጀመሪያ በአንድ ጉልበትዎ ይንበርከኩበት፤ ጉልበትዎ ጣውላውን ከነካ ቀጭን ነው። ከዚያ በጀርባዎ ተኝተው እጅዎን ከወገብዎ ሥር ያስገቡ። እጅዎ እንደ ልቡ የሚያልፍ ከሆነ ፍራሹ ጠንካራ ነው፤ ጨርሶ አልገባም ካለና ዳሌዎ ከሰመጠ ለስላሳ ነው። ተገፍቶ የሚገባ ከሆነ ይውሰዱት።

መቁረጡ አያስቸግርም። ካርቶኑን አስቀምጠው በማርከር ያስምሩ፤ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ ሳይጫኑ፣ ረጅም ረጅም ምት እየመቱ ይቁረጡ። ከተጫኑት ጠርዙ ይጣመማል። ሁለቱን ንብርብር በሙጫ ማጣበቅን አልመክርም። ሽታው ጠባብ ጋቢና ውስጥ ይቆያል፤ ላይኛው ሲያልቅም ለብቻው መቀየር አይቻልም። ዚፕ ያለው አንድ የጥጥ ልባስ አሰፍተው ሁለቱን አብረው ቢከቱ አጥብቆ ይይዛቸዋል።

አልባሳትና ሙቀት

የቤት አንሶላ በዚህ ቅርጽ ላይ አይቆይም፤ ሌሊቱን ተጠቅልሎ እግር ሥር ይገኛል። ከአንሶላው አራት ማዕዘን በፍራሹ ሥር የሚያልፍ ላስቲክ ማሰፋት ነገሩን ይጨርሰዋል። ከአንሶላው በላይ እኔ የምጠቀመው ጋቢ ነው። አገር ቤት ናፍቆኝ ብቻ አይደለም። አራት ድርብ የሆነ የጥጥ ጨርቅ ላብ ይጠጣል፤ አየር ያሳልፋል፤ በፖሊስተር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ካላበው በኋላ የሚመጣውን ብርድ ያስቀራል። በጣም ሲበርድ ብርድ ልብሱን ከጋቢው በላይ ይደርቡት እንጂ በታች አያድርጉት።

ስለ ሙቀት ስናወራ፣ ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች ቆሞ ሞተር ከ5 ደቂቃ በላይ ማስነሳት በአብዛኛው የተከለከለ ነው። ከተከለከለበት ውጭም ናፍጣ ይበላል። ጢሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ አነስተኛ የናፍጣ ማሞቂያ የተሻለ ነው። እርሱ ከሌለ ከአንሶላ ሥር የሚነጠፍ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ይኑርዎት። ሒሳቡን ግን ይሥሩ፤ 60 ዋት ማለት 5 አምፔር ነው፤ ስምንት ሰዓት ቢተዉት ከባትሪው 40 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል። ከመተኛትዎ 20 ደቂቃ በፊት አብርተው ሲገቡ ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከሰል ወይም የጋዝ ምድጃ ጋቢና ውስጥ ለማሞቂያ ማቀጣጠል ግን ለአንድ ደቂቃም አይታሰብ። ከሰል አጭሶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ታሪክ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፤ ጋቢና ደግሞ ከማንኛውም ክፍል ይጠባል። የናፍጣ ማሞቂያ ያላችሁም ብትሆኑ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ትራስ አጠገብ ስቀሉ።

በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ ወገኖች ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ሚሌን አልፎ ወደ ጋላፊ ለሚወርድ ሰው ስፖንጅ ራሱ ምድጃ ይሆናል። እዚያ የሚሻለው በስፖንጁና በአንሶላው መካከል ሰሌን መዘርጋት ነው። በጀርባና በስፖንጁ መካከል አየር ይገባል፤ ላቡም አይጠራቀምም። አሪዞና ውስጥ በሐምሌ ሞክሬዋለሁ፤ ትንሽ ይቆረቁራል፤ ግን ያስተኛል።

ብርሃን፣ ድምፅና መረብ

የመጋረጃውን ቀዳዳ ለማግኘት ቀን ላይ ውስጥ ገብተው ይዝጉትና ብርሃን የሚገባበትን ይዩ፤ እዚያ ላይ ጥቁር ጨርቅ በማግኔት ይያዙ። ሲያቆሙ ማቀዝቀዣ ካለው ተሳቢ ራቅ ይበሉ። ሞተሩ ያለማቋረጥ ቢሠራ ጆሮ ይለምደው ነበር፤ እየጠፋ የሚነሳው ነው የሚያነቃው።

ሁለት ሆነው ለሚነዱ አንድ ነገር ይቀራል። መኪናው እየሄደ የሚተኛው ሰው ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ እንዳይወረወር የሚይዘው መረብ ወይም ቀበቶ ሕጉ የሚያስገድደው ነው፤ ወደ ፊት 2,700 ኪሎ ያህል ጉልበት መቋቋም አለበት። ወፍራም ፍራሽ ሲያስገቡ የሚተኛው ሰው ከፍ ስለሚል መረቡ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አዲሱን ፍራሽ እንዳነጠፉ ተኝተው መረቡን ያስሩና ደረትዎ ላይ መድረሱን ይዩ። ካልደረሰ ከስፖንጁ ይቀንሱ እንጂ መረቡን አያላሉ።

ከቆረጡት ስፖንጅ የሚተርፈውን ጨርቅ አልብሰው በኋላው ግድግዳ በኩል፣ ትከሻዎ በሚያርፍበት ቦታ ያቁሙት። የእኔ ከዚያ ከመጀመሪያው ሜሞሪ ፎም የተረፈ ነው። እንደ ፍራሽ አላስተኛኝም፤ ብርድ ለመከለል ግን አምስተኛ ዓመቱን ይዟል።