ዛፍ በሌለበት የሣር ሜዳ አጋዘንን በቀስት ማደን

በአሜሪካ፣ በምዕራብ ነብራስካ፣ በደቡብ ዳኮታና በዋዮሚንግ ገላጣ ሜዳዎች በብዛት የሚታደነው አጋዘን ሚውል ዲር ይባላል። ስሙን ያወጡለት የበቅሎ የሚመስሉት ጆሮዎቹ ናቸው፤ የሚያስቸግሩትም እነሱው ናቸው። ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ከ300 ሜትር ሊተኩስ ይችላል፣ ቀስት የያዘ ግን 40 ሜትር ውስጥ መግባት አለበት። ዛፍ ላይ ወጥቶ አድፍጦ መጠበቅ እዚህ አይታሰብም። ከሩቅ አይቶ በደረት መሳብ ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ። በነብራስካ የቀስት አደን ሴፕቴምበር 1 ተከፍቶ ዲሴምበር 31 ይዘጋል። ፈቃዱ ሚውል ዲርን ጭምር መሸፈኑን ያንብቡ፤ ነጭ ጭራ ያለውን ዝርያ ብቻ የሚፈቅድ አለ። እንደ ኦግላላ (ነብራስካ) እና ባፋሎ ጋፕ (ደቡብ ዳኮታ) ያሉት የመንግሥት ሣር መሬቶች ከግል እርሻ ጋር የተቆራረጡ ስለሆኑ የድንበሩን ካርታ ኔትወርክ ሳይጠፋ ስልክዎ ላይ ይጫኑ።

ትርፍ ገንዘብ ካለ ከቀስቱ ይልቅ የሩቅ ማያ መነጽሩ ላይ ይውጣ፦ 10 በ42 የሆነ (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው)፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚታሰር። ሌዘር ርቀት መለኪያ፣ የጉልበት መከላከያ፣ ለቁልቋል እሾህ ወፍራም ጓንት፣ 4 ሊትር ውሃና የነፋስ አቅጣጫ የሚታይበት አንድ ብልቃጥ ፓውደር ይያዙ። ቆሞ ብቻ የተለማመደ ሰው ሜዳ ላይ ይስታል፤ ተንበርክከውም ይለማመዱ።

ጎህ ሳይቀድ ከፍ ያለ ቦታ ይያዙ፣ ግን ሰማይ ከኋላዎ እንዳይሆን ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ይበሉ። አጋዘኑ ሲግጥ አይነኩትም። ፀሐይ ሲበረታ ቦይ ውስጥ ወይም የተናደ አፈር ጥላ ሥር ይተኛል። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው፦ አጋዘኑ እንደተኛ አዳኙ ብድግ ብሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው መኝታ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ጥላው ሲሸሽ ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል፣ አዳኙም መንገድ ላይ ይያዛል። ሁለተኛ እስኪተኛ ይጠብቁ።

ከመነሣትዎ በፊት ቦታውን በስልክ ፎቶ ያንሡ። ከ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ግልጽ የነበረው ቦይ አጠገቡ ሲደርሱ ከሌሎች አምስት ቦዮች አይለይም። ስለዚህ ከአጋዘኑ በላይ አንድ የማይሳት ምልክት ይምረጡ፦ የአጥር ቋሚ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ብቸኛ ቁጥቋጦ።

ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመታዎ ደህና የሆኑ ይመስላል። አጋዘን ግን ሲተኛ ነፋሱን ለጀርባው ሰጥቶ ወደ ፊት ያያል፤ ከኋላው ያፍንጫው፣ ከፊቱ የዓይኑ ወሰን ነው። ከጎን፣ ነፋሱ ጉንጭዎን እየመታ ይቅረቡ። ጸጥ ካለ ቀን ነፋሻ ቀን ይሻላል፤ የሣሩ ድምፅ ኮቴዎን ይሸፍናል። መጨረሻውን 80 ሜትር ጫማ አውልቆ በወፍራም ካልሲ መሄድ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት ግን መሬቱን ይዩ፣ ራትል ስኔክ የተባለው መርዛማ እባብም ጥላ ይወዳል።

25 ሜትር ሲደርሱ አይጩኹ፣ ድንጋይም አይወርውሩ። ደንግጦ የተነሣ አጋዘን አይቆምም። ራሱ ሊነሣ ሲንጠራራ ቀስቱን ይሳቡ፤ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ቁመት ታችኛው ሲሶ ላይ ይልቀቁ። ከገደል አፋፍ ቁልቁል ከሆነ ርቀት መለኪያው ዝንባሌውን የሚያሰላ ይሁን፣ አለበለዚያ ፍላጻው በላዩ ያልፋል።

ፍላጻው ላይ አረፋ ያለው ቀይ ደም ካለ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። አረንጓዴና የሚሸት ከሆነ አንጀት ነው፣ ቢያንስ 6 ሰዓት ይተዉት፤ ቀድመው ከተከተሉት ተነሥቶ ይጠፋል። ሴፕቴምበር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ሲያገኙት ወዲያው ፈቃዱን ያሥሩበትና ሆዱን ያውጡ፣ ቆዳውን ገፈው ሥጋውን አየር በሚያስገባ ከረጢት ጥላ ላይ ይስቀሉ። በረዶው መኪናው ውስጥ አስቀድሞ ይኑር።