ለቤት ብየዳ የትኛው ጋዝ፣ በምን ያህል ሲሊንደር?

ጋዝ ከመግዛትህ በፊት ምን እንደምትበይድ ወስን። በቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ በሚበየድበት ዘዴ) ከሆነ ንጹሕ አርጎን ነው፤ ሌላ ምርጫ ውስጥ አትግባ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተንግስተኑን ጫፍ ያቃጥለዋል። አሉሚኒየም በሚግ (ሽቦው ራሱ እየቀለጠ በሚበየድበት ዘዴ) ለሚበይድም ያው ንጹሕ አርጎን ነው።

ለተራ ብረት በሚግ ሁለት መንገድ አለ። ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው፣ ጠልቆ ይገባል፣ ፍንጣሪው ግን ብዙ ነው። እኔ 75 በመቶ አርጎን፣ 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆነውን ድብልቅ እመርጣለሁ። ቀጭን ላሜራ ላይ እሳቱ ረጋ ይላል። ፍንጣሪ በግራይንደር የማጽዳት ጣጣም ይቀንሳል።

ትንሽ ሲሊንደር ያጓጓል። ሒሳቡን ግን ሥራው። 10 ሊትር የሚይዝ፣ በ200 ባር ግፊት የተሞላ የአርጎን ሲሊንደር 2,000 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። በደቂቃ 10 ሊትር ከለቀቅክ፣ ከ3 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ብየዳ ነው። ባለ 5 ሊትሩ የዚህን ግማሽ ብቻ፤ መሙያ ቤት መመላለሱ ያሰለቻል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ስለሆነ፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ጋዙ ሊያልቅ እስኪቃረብ ብዙም አይወርድም። በጌጁ አትተማመን፤ ሲሊንደሩን በሚዛን መዝነው። ሁልጊዜም ሳታጋድመው፣ ቀጥ አድርገህ አቁመህ ተጠቀምበት።

ያገለገለ ሲሊንደር ስትገዛ ትከሻው ላይ የተመታውን የፍተሻ ቀን አንብብ። የኪራይ ንብረት አለመሆኑንም አጣራ፣ አደራ!

ቤት ስታስገባው ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት እሰረው። አርጎን ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ በጠባብ ክፍል ኦክስጅንን ያስወጣል። በሩን ክፈት፤ ነፋሱ ግን በቀጥታ ብየዳው ላይ እንዳይመጣ።