ገጠር ለተመደባችሁ ሐኪሞች፦ ሥራችሁን ቁጠሩት

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ሆናችሁ ስትመደቡ ቶሎ የምትለምዱት የገበያ ቀንን ነው። ሰው ከተማ ከወጣ አይቀር ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ያስታመመውን ሁሉ በዚያ ቀን ይዞ ይመጣል። በማግስቱ ኮሪደሩ ጭር ይላል። ሪፖርት ላይ የሚሰፍረው የቀን አማካይ ሁለቱንም ቀን አይገልጽም።

መዝገቡም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ጠዋት ያያችኋት እናት ላብራቶሪ ሄዳ ከሰዓት ውጤቷን ይዛ ትመለሳለች። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ናት፣ እናንተ ግን ሁለቴ አይታችኋታል። ራውንዱ (የተኙትን ዞሮ ማየቱ)፣ ለፖሊስ የሚጻፈው የሕክምና ማስረጃ፣ ከጤና ጣቢያ የሚደወለው ስልክ፣ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል መጠራቱ፣ ይህ ሁሉ እዚያ መዝገብ ላይ አይቆጠርም።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት ራሳችሁ ቁጠሩ። ትንሽ ደብተር ጋዋን ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። አዲስ ታካሚ፣ ውጤት ይዞ የተመለሰ፣ የቀጠሮ፣ የተኛ፣ ዲዩቲ (ተረኝነት) ላይ የተጠራችሁበት ብላችሁ ለየብቻ ጭረት አድርጉ። ቆላ ከሆናችሁ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ስለሚበዛ ሌላ ወር ላይም ድገሙት።

ከዚያ ቀጠሮውን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግፊትና የስኳር ታካሚዎችን በሙሉ ከገበያ ቀን ማውጣት ቀላል ይመስላል፣ ግን የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖረው ገበሬ መኪናም ሆነ አብሮት የሚሄድ ሰው የሚያገኘው በዚያ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት። የከተማውን ሰው ወደ ሌላ ቀን አዙሩ፣ የሩቁን ተዉት። ሕመሙ ከተረጋጋና ፋርማሲው መድኃኒት ካለው ደግሞ በየወሩ ከማመላለስ የሁለት ሦስት ወር ስጡት። ታካሚን በቅድሚያ ከሚለዩት (ከትሪያጅ) ነርሶች ጋር ተስማምታችሁ ትኩሳት ያለው ሰው እናንተ ጋ ከመግባቱ በፊት የወባ ምርመራ ቢያደርግ፣ አንድ ሰው ሁለቴ መግባቱ ይቀራል።

ሰው ይጨመርልን ስትሉ ደግሞ ሒሳቡን አቅርቡ። እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ማመልከቻ "የሥራ ጫና በዝቷል" ብቻ ነበር የሚለው፣ መልስ አላገኘሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ዊስን (WISN) የሚለው፣ ከሥራው ብዛት ተነስቶ የሚያስፈልገውን ሠራተኛ የሚያሰላ ዘዴ አለ፣ አሠራሩ ቀላል ነው። በዓመት 260 የሥራ ቀን አለ እንበል። ፈቃድ፣ በዓልና ሥልጠና 40 ቢወስድ 220 ይቀራል። የቀኑ ግማሽ፣ ማለትም 4 ሰዓት፣ ለተመላላሽ ከሆነ 880 ሰዓት ነው። ለአንድ ታካሚ 10 ደቂቃ ብትሰጡ አንድ ሐኪም በዓመት 5,280 ጊዜ ያያል። የእናንተ ቆጠራ በዓመት ሲሰላ 16,000 ከሆነ ለተመላላሹ ብቻ ሦስት ሐኪም ያስፈልጋል። ራውንድና ዲዩቲ ለብቻው ይሰላል። 10 ደቂቃውን ግን አትቀንሱ፣ የሚያስፈልገውን የሐኪም ቁጥር ዝቅ ለማድረግ 5 አድርጉት የሚላችሁ አይጠፋም። ማመልከቻው ላይ የደብተሩን ፎቶኮፒ አያይዙ፣ አንድ ቅጂም እናንተ ጋ ይቅር።