ሲሰማ አንድ፣ ሲጻፍ ሦስት፦ የፈረንሳይኛ ግስ በአሁን ጊዜ ሲያስቸግር

ፈረንሳይኛ ስጀምር በመጀመሪያው ዲክቴ (መምህሩ ሲያነቡ ተማሪው የሚጽፍበት ፈተና) ከሃያው አራት ብቻ አገኘሁ። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸው ነበር። የጣለኝ የግሱ ጅራት ነው። መምህሬ «ፓርል» ሲሉ እኔም የሰማሁትን «ፓርል» ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ቀይ በቀይ ሆኗል።

አሁን ጀማሪዎችን ሳስጠና ያው ስህተት እዚያው ቦታ ላይ ይመጣል። ስንፍና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአማርኛችን ነው። እኛ የሰማነውን እንጽፋለን፣ የጻፍነውን እናነባለን። ፈረንሳይ ውስጥ ጆሮና እስክሪብቶ ከተፋቱ ቆይተዋል።

አንድ ነገር ብቻ እንስማማ። ድምፁን በእኛው ፊደል እጽፋለሁ። የላቲን ፊደሎቹን ደግሞ በለመድነው በእንግሊዝኛው ስማቸው እጠራለሁ፦ ኢ፣ ኤስ፣ ዜድ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሰማኝ!»

ልክ ናችሁ፣ አንድ ዓይነት ነው። «ፓርሌ» (መናገር) የሚለውን ግስ እንውሰድ። መጨረሻው ላይ ያሉትን ኢ እና አር ቆርጣችሁ ጣሉ። የሚቀረው ግንዱ ነው። በእሱ ላይ እንዲህ ትቀጥላላችሁ፦ ለ«ዠ» (እኔ) ኢ፣ ለ«ቱ» (አንተም አንቺም) ኢ-ኤስ፣ ለ«ኢል» እና ለ«ኤል» (እሱ፣ እሷ) ኢ፣ ለ«ኑ» (እኛ) ኦ-ኤን-ኤስ፣ ለ«ቩ» (እናንተ፣ እርስዎ) ኢ-ዜድ፣ ለብዙ ቁጥሩ «ኢል» እና «ኤል» (እነሱ) ኢ-ኤን-ቲ። ከፈረንሳይኛ ግሶች ከመቶ ዘጠና ያህሉ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎን፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል። ከስድስቱ አራቱ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ግን ሦስት መልክ አላቸው። ኢ፣ ኢ-ኤስ እና ኢ-ኤን-ቲ ወረቀት ላይ አሉ፣ አፍ ላይ የሉም።

ስለዚህ የግሱን መጨረሻ አታዳምጡ፤ ከሱ የሚቀድመውን አዳምጡ። «ቱ» ከሰማችሁ ኤሷን ሳታስቡ ጣል አድርጉ። ልምምዱንም በቃል ብቻ አታድርጉት። ብዙ ሰው ስድስቱን እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግማቸዋል፣ ዲክቴ ላይ ግን ይወድቃል። ልዩነቱ አፍ ላይ ስለሌለ አፍ ሊይዘው አይችልም። በእጅ ጻፉት፣ አሥር ግስ በቀን።

ባለቤቱን መርሳት

ጀማሪው ብድግ ይልና «ፓርል ፍራንሴ» ይላል። ፈረንሳይኛ እናገራለሁ ማለቱ ነው። ሰሚው ግን ግራ ይጋባል፤ የሰማው «ፈረንሳይኛ ተናገር!» የሚል ትእዛዝ ነውና።

በአማርኛ «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። «እናገራለሁ» ውስጥ ከፊት ያለው «እ»፣ ከኋላ ያለው «ለሁ» ማን እንደሆነ ይናገራሉ። «ትናገሪያለሽ» ስንል ሴት መሆኗንም ግሱ ይነግረናል። የፈረንሳይኛው «ፓርል» ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ግሱን ለብቻው አታጥኑት። «ዠ ፓርል»ን እንደ አንድ ቃል ያዙት።

አባትን «እነሱ» ማድረግ

ይሄኛው የእኛው ብቻ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔም እወደዋለሁ። ተማሪው «አባቴ ይናገራሉ» ብሎ ያስባል። ከዚያ በጨዋነት ኢ-ኤን-ቲ ይጽፋል። አማርኛ ለእሳቸውም ለእነሱም አንድ ግስ ስለሚሰጥ ነው። «ፓርሌ» ላይ ሲናገሩት አይታወቅም፣ ድምፁ ያው ነው። «ፊኒር» (መጨረስ) ላይ ግን ይጋለጣል፦ ስለ አንድ ሰው «ኢል ፊኒ»፣ ስለ ብዙዎች «ኢል ፊኒስ» ነው። አባታችሁ ሥራቸውን «ፊኒስ» ካሉ ቢያንስ ሁለት ሆነዋል።

ፈረንሳይኛ ለራቀው ሰው የአክብሮት ግስ የለውም። አያትም፣ ቄስም፣ ፕሬዚዳንትም በነጠላ ነው የሚሄዱት። አክብሮቱ ያለው ፊት ለፊት ስታናግሯቸው ነው፤ «ቩ» ትላላችሁ፣ ግሱም ኢ-ዜድ ይይዛል፣ ሰውየው አንድ ቢሆኑም።

«ዛቢት» የሚባል ግስ የለም

«አቢቴ» (መኖር) ሲጻፍ በኤች ይጀምራል፤ ኤቿ ግን ድምፅ የላትም። ስለዚህ «ኢላቢት» ማለት እሱ ይኖራል፣ «ኢልዛቢት» ማለት ይኖራሉ ነው። ያቺ «ዝ» ከየት መጣች? የብዙ ቁጥሩ «ኢል» መጨረሻው ላይ ኤስ አለው። ሌላ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ከፊቱ አናባቢ ሲያገኝ ይነቃል። «ኑዛቢቶን»፣ «ቩዛቢቴ» የምንለውም ለዚሁ ነው። «ዠ» ደግሞ የራሱን አናባቢ ጥሎ «ዣቢት» ይሆናል፤ ሲጻፍ በቦታው ላይ ከፍ ያለች ጭረት ትገባለች።

ድንበሩ ለጆሮ ስለማይሰማ ተማሪው «ዛቢት» የሚል ግስ ፈጥሮ ይጽፋል። ብዙም አትፍረዱበት። ለገሀርን አስቡት። «ላ ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያው ነው፤ «ላ» ለብቻ፣ «ጋር» ለብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ጆሮ አንድ ላይ ሰማቸውና ሰፈር አደረጋቸው።

ደስ የሚለው፣ እዚህ ቦታ ላይ ጆሮ ይረዳል። ከ«ኢል» በኋላ «ዝ» ከሰማችሁ ብዙ ቁጥር ነው፤ ኢ-ኤን-ቲ ጻፉ።

ኢ-ኤን-ቲን ማንበብ

«ኢል ፓርላን» የሚል አንባቢ ሞልቷል። ስም ላይ ቢሆን ልክ ነበር። ፈረንሳዮች የሚጫወቱበት አንድ ቃል አለ፤ ስም ሲሆን «ኩቫን» ተብሎ ይነበባል፣ ገዳም ማለት ነው። ፊደሉ አንድም ሳይለወጥ ግስ ሲሆን ግን «ኩቭ» ነው፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ይታቀፋሉ። ከፊቱ ባለቤት ካለ ግስ ነው፤ ዝም በሉት።

በአር ነው በዜድ?

«ፓርሌ» (መናገር) እና «ቩ ፓርሌ» (ትናገራላችሁ) በድምፅ አይለዩም። ስትጠራጠሩ በቦታው «ቫንድር» (መሸጥ) የሚለውን ግስ አስገቡ። «ቩ ቫንዴ» ካስኬደ ኢ-ዜድ ነው። «ዤም ፓርሌ» (መናገር እወዳለሁ) ላይ ግን የሚያስኬደው «ዤም ቫንድር» ነው፣ ስለዚህ ኢ-አር። ፈረንሳዮች ራሳቸው በልጅነታቸው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው የሚማሩት።

«ዠ ስዊ ፓርል»

እዚህ ላይ አማርኛ ነፃ ነው፤ ጥፋተኛው እንግሊዝኛ ነው። «አይ አም ስፒኪንግ» ቃል በቃል ተገልብጦ ነው። «ስዊ»ን አውጡት። «ዠ ፓርል» እናገራለሁም፣ እየተናገርኩ ነውም ይሆናል።

«ኑ ፊኖን»

ተማሪው ሁሉንም ግስ እንደ «ፓርሌ» ሲቆርጥ የሚመጣ ነው። በአይ-አር የሚያልቁት ሦስት መቶ ያህል መደበኛ ግሶች በብዙ ቁጥር ላይ «ኢስ» ያስገባሉ፦ ኑ ፊኒሶን፣ ቩ ፊኒሴ፣ ኢል ፊኒስ። በነጠላው ጊዜ ሦስቱም «ፊኒ» ይባላሉ፤ ሲጻፉ ግን ከአይ ቀጥሎ ኤስ፣ ኤስ፣ ቲ ይከተላል።

ወጥመዱ በአይ-አር የሚያልቅ ሁሉ መደበኛ አለመሆኑ ነው። «ዶርሚር» (መተኛት) «ኑ ዶርሞን» ነው፣ «ኢስ» የለውም። ግሱ ከቅጽል የመጣ ከሆነ ግን አትጠራጠሩ፤ «ሩዥ» (ቀይ) «ሩዢር» (መቅላት) ይሰጣል፣ እሱም «ኑ ሩዢሶን» ይሆናል።

በ«ኑ» ላይ ብቻ የምትመጣ ፊደል

«ማንዤ» (መብላት) «ኑ ማንዦን» ሲሆን ከጂ በኋላ ኢ ትቀራለች። ካልቀረች «ማንጎን» ተብሎ ይነበባል። «ኮማንሴ» (መጀመር) ላይ ደግሞ ከሲ ሥር ትንሽ ጭራ ትንጠለጠላለች፤ ያለ እሷ «ኮማንኮን» ይሆናል።

«አሌ» (መሄድ) መልኩ ቁርጥ «ፓርሌ» ነው፣ በኢ-አር ያልቃል። አትመኑት። ዠ ቬ፣ ቱ ቫ፣ ኢል ቫ፣ ኑዛሎን፣ ቩዛሌ፣ ኢል ቮን ይላል። እሱን ለብቻው በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።