ዲናሞ ከመቀየራችሁ በፊት ገመዱን ለኩት

24 ቮልት የድሮ አይሱዙ ያላችሁ፣ ባትሪው አልሞላ ብሎ ጠዋት ጠዋት እየተገፋ የሚነሳ ከሆነ ዲናሞ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ሞተሩን አስነሱ፣ ትልቁን መብራት አብሩ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ቀዩን ጫፍ ዲናሞው ጀርባ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አሳርፉ። አዎ፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ ላይ፤ የሚነበበው ገመዱና ማሰሪያው ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው። ባትሪዎቹ ሁለት ስለሆኑ እርስ በርስ የሚያገናኛቸውን ሳይሆን ወደ መኪናው የሚሄደውን ያዙ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የማሰሪያው ነው። የእኔ 1.8 አነበበ፤ የገመዱ ጫፍ ከላስቲኩ ስር አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ አሰርኩት፣ በቃ። ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭም እንዲሁ ለኩ።

የዛገ ማሰሪያ ሞተር ጠፍቶ ሲለካ ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ነው፤ መብራቱ የሚበራውም ለዚህ ነው።

ዲናሞው ራሱ 27 ቮልት የማያወጣ ከሆነ ግን ይሄ አይሰራም። መጀመሪያ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪሺያን። ሞተር እየሰራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መሞከር የሚሉትን ነገር ደግሞ ተዉት፤ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ደህና ዳዮድ (ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዕቃ) ያቃጥልባችኋል።