ከኮሌስትሮል ክኒን ጋር ስንጣላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ለሐኪም ሳይናገሩ ማቆም ነው። ኮሌስትሮል ራሱ አያምም፤ መድኃኒቱ ግን አንዳንዴ ያማል። ደረጃ ሲወጡ ጭን ይዝላል፣ ክኒኑም መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። በቀጠሮው ቀን ኮሌስትሮሉ ጨምሮ ይገኛል። ሐኪሙ ምኑን ይወቅ? መጠኑን ከፍ ያደርገዋል።

ሌላው ስህተት ሕመምን ሁሉ በስታቲን (በኮሌስትሮል ክኒኑ) ማላከክ ነው። የስታቲን የጡንቻ ሕመም ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጎን ነው የሚሰማው፤ ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ትከሻ ወይም ባት። አንድ ጉልበት ብቻ ካመመዎት ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ጡንቻ ያሳምማል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሳምሶን የተባለ ጥናት ደግሞ ያስገርማል። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች በየወሩ እየተፈራረቀ አንዴ ስታቲን፣ አንዴ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው፤ ምንም ያልወሰዱበት ወርም ነበር። ስታቲን ሲወስዱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶው ክኒንም መጣ። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነበር፤ ማንም አላስመሰለም።

ይህን አንብበው ግን ሁሉንም ችላ እንዳይሉ። ሽንትዎ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ጡንቻዎ ክፉኛ ካመመ ወይም ከደከመ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የጡንቻ መፍረስ ሊሆን ይችላል። ብዙ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን ኩላሊት ይጎዳል።

መደባለቅም አለ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን የተባሉት የስታቲን ዓይነቶች በደም ውስጥ እንዲከማቹ ያደርጋል። ብዙ የግሬፕፍሩት ጭማቂም እንዲሁ። ስለዚህ ለጉንፋንም ሆነ ለጥርስ ሲታከሙ ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ።

"አንዱ ካልተስማማኝ ሁሉም አይስማማኝም" ማለትስ? ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መላ አለው። ሐኪሙ ወደ ሌላ ስታቲን ሊቀይር፣ ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሊጨምር ወይም መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨምር መጥፎው ኮሌስትሮል በተጨማሪ የሚወርደው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑ በግማሽ ቢቀነስ ጥቅሙ በግማሽ አይቀንስም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ስልክዎ ላይ ሦስት ነገር ጽፈው ይሂዱ፦ ክኒኑን የጀመሩበት ቀን፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የቱ ጋ እንደሚያምዎት።