ከጎማ በኩል የመፋጨት ድምፅ ሲመጣ፦ ኩሺኔታ ከመግዛት በፊት

መኪና ከጎማ በኩል "ግርርር" ሲል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ኩሺኔታን፣ ማለትም ጎማው የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት ነው። ይገዛል፣ ይቀየራል፣ ድምፁ ግን ያው ይቀራል። ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ እኩል ያልተበላ ጎማ፣ በዲስኩና በመከለያ ቆርቆሮው መሀል የገባች ጠጠር፣ ሁሉም ለጆሮ የሚቀራረብ ድምፅ አላቸው። የሚለያቸው ድምፁ የሚጨምርበትና የሚጠፋበት ሰዓት ነው። እዚህ በዋናነት የምናየው የፊት ጎማ የሚጎትታቸውን እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ መኪኖች ነው፤ ወደ ሃይሉክስና አባዱላ መጨረሻ ላይ እንመጣለን።

መጀመሪያ ነድታችሁ አድምጡ። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሩ፤ የመንገዱ ድምፅ ሁሉን ይውጠዋል። የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ፣ ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ትራፊክ የሌለበት ለስላሳ አስፋልት ፈልጉ። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ስትደርሱ ነዳጁን ለቃችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉት። ሞተሩን ግን እንዳታጠፉ፤ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳሉ። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ካልተለወጠ ነገሩ ከሞተርና ከፍሪሲዮን ወጥቷል፤ ከሚሽከረከረው ጎማ ጋር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ከ40 እስከ 50 ባለው ፍጥነት መሪውን በዝግታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘንብሉ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ግራ ስትታጠፉ የሚጎላ ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ የቀኝ ኩሺኔታ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሆን የሚጎላው ደግሞ የግራ። ሲታጠፍ ምንም የማይለወጥ ከሆነ ጎማውን ጠርጥሩ። እጃችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሹት፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘ ድምፁ የእሱ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ርካሽ ነው፦ የፊቱንና የኋላውን ጎማ አለዋውጡ። ድምፁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ኩሺኔታ አያስፈልጋችሁም።

ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ምርመራው አጭር ነው፤ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየበላ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቀው የሚያዩት የውጭውን ሸራ ብቻ ነው። የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ማንሸራተቻ ፒኖች ዝገው ሲይዙ ግን ቀድሞ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የውስጡ ነው። ከውጭ 7 ሚሊ ሜትር ሸራ እያለ ከውስጥ ባዶ ብረት ሊሆን ይችላል። ጎማው ካልተፈታ አይታይም። ሸራ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር። ዲስኩንም በጥፍራችሁ ከመሀል ወደ ጠርዝ ፈትሹት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለበትና ውፍረቱ ራሱ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ ከወረደ መላጥ አይጠቅመውም፣ መቀየር ነው። ፒኖቹን ሳታጸዱና ለፍሬን የሚሆን ግራሶ ሳትቀቡ አዲስ ሸራ ብቻ ብታስገቡ እሱም በአንድ ወገን ቶሎ ያልቃል።

ከጠጠር መንገድ ስትመለሱ በድንገት የጀመረ ቆርቆሮ የመፋቅ ድምፅ ሲሆን መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዱት። ጠጠሯ አንዳንዴ ራሷ ትወድቃለች። ካልወደቀች ጎማውን ፈትታችሁ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አድርጉት።

አሁን መኪናውን አንሱ። ሜዳ ቦታ ይሁን፤ የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ፣ መሬት የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ ደግፉ። በክሪክ ብቻ ቆሞ ባለ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፤ የብረት መደገፊያ ይግባለት። ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከራችሁ ሌላውን እጅ ሞላው ላይ አሳርፉ። የተበላሸ ኩሺኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ንዝረት በሞላው በኩል መዳፍ ላይ ይሰማል፤ ጆሮ ያልለየውን እጅ ይለየዋል። ሸራ ዲስክ ሲነካ የሚሰማው ቀላል "ሽው ሽው" ግን ጤናማ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከላላ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሺኔታው ነው፤ ካልጠፋ የታችኛውን ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ክብ መገጣጠሚያ) እዩ። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ የመሪው ዘንግ ጫፍ ነው። በግልጽ የሚነቃነቅ ጎማ ይዞ "እስከ ጋራዥ ልድረስ" ማለት አይገባም፤ በጭነት ማንሻ ይሂድ።

የሴሚያስ፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ መገጣጠሚያ ድምፅ ሌላ ነው፦ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ "ቀጭ ቀጭ ቀጭ" ይላል። የላስቲክ መሸፈኛው ከተቀደደ ጥቁር ግራሶ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቶ ታገኛላችሁ። ድምፅ ሳይጀምር ከተደረሰበት መሸፈኛውንና ግራሶውን መቀየር ይበቃል። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ሲነዳ ከቆየ ግን ጭቃው ገብቷል፤ መሸፈኛ ብቻ አይበቃውም።

ኩሺኔታ መሆኑ ከተረጋገጠ ለአገጣጠሙ ተጠንቀቁ። አዲስ ኩሺኔታ በወሩ የሚጮኸው ሁልጊዜ ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ አይደለም። በመዶሻ ሲገባ፣ ወይም በፕሬስ ሆኖ የውጭው ቀለበት ቤቱ ውስጥ መግፋት ሲገባው ግፊቱ በውስጠኛው ቀለበት ላይ ሲያርፍ፣ ኳሶቹ መሄጃቸውን ያጎደጉዱታል፤ ጉዳቱ ለዓይን አይታይም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ባላቸው ብዙ መኪኖች የኩሺኔታው አንደኛው ገጽ ማግኔት ስላለው፣ ተገልብጦ ከገባ የኤቢኤስ መብራት ይበራል። የኮሮላ የጎማ ዳዶ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመስቀል አቅጣጫ ይጥበቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም ይፈተሽ።

በሃይሉክስና በአባዱላ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚሄድ የኋላውን መስመር ጨምሩበት። ማርሽ ሲገባ "ኳ" ካለ ትራስሚሲዮኑን፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ፣ በእጅ ጠምዝዙት፤ ክሮቸራው (የዘንጉ የመስቀል መገጣጠሚያ) ከላላ ይታወቃል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚያጓራ፣ ሲለቀቅ የሚለወጥ ወይም የሚጠፋ ድምፅ ወደ ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ወደሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት፣ ይጠቁማል። ዘይቱን ለማየት መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፤ እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን አትንኩ፣ አፍስሳችሁ መሙላት ሊያቅታችሁ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት፤ ካነሰ መኪናው የሚጠይቀውን፣ ብዙ ጊዜ ጂ ኤል 5 ደረጃ 90 ቁጥር፣ ሙሉበት። ዘይቱን ካወጣችሁ ጥቂቱን በሁለት ጣት እሹት። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ መበላት ነው። ጣት የሚቧጥጥ ስባሪ ካለው ዘይት መቀየር አያድነውም፣ ዲፈረንሻሉ ይከፈት።